የዋሽንግተን ዲሲ ምክር ቤት፦ ማን ይመርጠዋል? ማንስ ይሽረዋል?

በዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር አበሾች «ዲሲ» ሰፊ አገር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውም፣ አሌክሳንድሪያ ያለውም ከአገር ቤት ሲደወልለት «ዲሲ ነው ያለሁት» ይላል። ለስልክ ወሬ ይህ ይበቃል። ድምፅ መስጠት፣ ግብር መክፈልና ንግድ ፈቃድ ማውጣት ሲመጣ ግን የከተማዋ ወሰን ጠባብ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ በሜሪላንድ የሞንጎመሪ ካውንቲ ነው፣ አሌክሳንድሪያ ደግሞ የቨርጂኒያ። በ2020 ቆጠራ 689,545 ሰው የተቆጠረባት ዲሲ የራሷ ከንቲባና የራሷ ምክር ቤት አላት።

ስለዚህ ምክር ቤት፣ ብዙዎቻችን «ካውንስል» ስለምንለው፣ በመካከላችን ሲወራ ሁለት ስሕተት ደጋግሜ እሰማለሁ። አንደኛው ካፒቶል ላይ ከሚሰበሰበው ኮንግረስ ጋር ማምታታት ነው። ሁለተኛው «ሁሉም ዴሞክራት ናቸው፤ ታዲያ ምርጫው ምን ይለውጣል?» የሚለው ነው። የታክሲ ሕግ፣ የአስተናጋጅ ደሞዝ፣ የቤት ኪራይ ጭማሪ ገደብ የሚወጣው ከዚህ ቤት ነው። ስለዚህ ቤቱ እንዴት እንደተሠራና ማን እንዴት እንደሚገባበት ማወቅ ለኪሳችንም ይጠቅማል። (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስንት አባላት አሉት? የእኔ ተወካይስ ማን ነው?

አባላቱ 13 ብቻ ናቸው። ከተማዋ «ዋርድ» በሚባሉ 8 ቀጠናዎች ተከፍላለች፤ እያንዳንዱ ዋርድ አንድ ሰው ይልካል። ዋርዶቹ በየአሥር ዓመቱ ከሕዝብ ቆጠራ በኋላ እንደገና ስለሚካለሉ የነዋሪያቸው ቁጥር ይቀራረባል፤ አንዱ ወደ 86,000 ሰው ይይዛል። አዳምስ ሞርጋን የሚኖር ሰው የዋርድ 1 ነው፤ በጆርጂያ አቬኑ ሽቅብ ወጥቶ ብራይትውድ የሚኖረው የዋርድ 4። ከእነዚህ ሌላ 4 አባላት መላውን ከተማ ይወክላሉ፤ «አት ላርጅ» የሚባሉት እነሱ ናቸው። 13ኛው ሰብሳቢው ነው። እሱንም የሚመርጠው መላው ከተማ እንጂ አባላቱ አይደሉም።

እንግዲህ ቆጥረን ስናየው፣ አንድ የዲሲ ነዋሪ ያለው ተወካይ አንድ ሳይሆን ስድስት ነው፦ የዋርዱ፣ አራቱ የከተማው ተወካዮችና ሰብሳቢው። ብዙ ሰው አቤቱታውን ለዋርዱ ተወካይ ብቻ አድርሶ መልስ ሲያጣ ተስፋ ይቆርጣል። ሌሎቹ አምስቱም የእሱን ድምፅ የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው።

የአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው። ዲሲ በ13 ትሠራለች። በዚያ ላይ ዲሲ የምትገኝበት ክፍለ ግዛት ስለሌለ፣ ሌላ ቦታ በክፍለ ግዛት፣ በካውንቲና በከተማ ደረጃ ተከፋፍሎ የሚሠራውን ሥራ ይኸው አንድ ምክር ቤት ጠቅልሎ ይዞታል። ሁሉም ሲገኙ ሕግ ለማጽደቅ 7 ድምፅ ይበቃል። አንድ ሰው ሐሳቡን ሲቀይር የከተማው ሕግ ሊቀየር ይችላል ማለት ነው።

የአገልግሎት ዘመናቸው 4 ዓመት ሲሆን ሁሉም በአንድ ቀን አይመረጡም። ከንቲባው በሚመረጥበት ዓመት ሰብሳቢው፣ ሁለት የከተማ ተወካዮችና ዋርድ 1፣ 3፣ 5 እና 6 ለምርጫ ይቀርባሉ። ፕሬዚዳንት በሚመረጥበት ዓመት ደግሞ ሌሎቹ ሁለት የከተማ ተወካዮችና ዋርድ 2፣ 4፣ 7 እና 8 ተራቸው ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ በአንድ ምርጫ ከሥሩ አይነቀልም፤ ግማሹ ሲቀየር ግማሹ ይቆያል።

ከንቲባውን የሚሾመው ምክር ቤቱ ነው?

አይደለም። ከአገር ቤት የመጣን ሰዎች እዚህ ላይ እንሳሳታለን። በአዲስ አበባ መራጩ የሚመርጠው ምክር ቤቱን ነው፤ ከንቲባውን ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል ይሰይማል። ከንቲባ አዳነች አቤቤ በመስከረም 2021 የተሾሙት በዚሁ መንገድ ነው። ዲሲ ውስጥ ከንቲባውና ምክር ቤቱ በየራሳቸው በሕዝብ ይመረጣሉ፤ አንዱ የሌላው ሹመኛ አይደለም።

በዚህም ምክንያት የአንድ ፓርቲ ሰዎች ሆነውም ይጋጫሉ። አንድ ረቂቅ ቢያንስ በ13 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ድምፅ ይሰጥበታል። ከዚያ ለከንቲባው ይላካል። ከንቲባው ውድቅ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ይህ «ቪቶ» ይባላል። ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 13ቱም ሲገኙ በ9 ድምፅ፣ የከንቲባውን ውሳኔ ሽሮ ሕጉን ያጸድቀዋል። አስቸኳይ ሕግ የሚባልም አለ፤ እሱም በ9 ድምፅ በአንድ ቀን ያልፋል፣ ዕድሜው ግን 90 ቀን ብቻ ነው።

ይህ ምክር ቤት ከየት መጣ?

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የዋና ከተማዋን ሕግ የማውጣት ሥልጣን ለኮንግረስ ነው የሰጠው። ከ1874 እስከ 1967 ድረስ ከተማዋን ያስተዳድሩ የነበሩት ፕሬዚዳንቱ የሚሾሟቸው ሦስት ኮሚሽነሮች ናቸው። የዲሲ ነዋሪ ለፕሬዚዳንት እንኳን የመረጠው ለመጀመሪያ ጊዜ በ1964 ነው። በ1967 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሦስቱን ኮሚሽነሮች አስቀርተው በአንድ ከንቲባ መሰል ሹምና በ9 የምክር ቤት አባላት ተኳቸው። ያኔም ቢሆን ሁሉም ተሿሚ ነበሩ። የመጀመሪያው ሹም ዋልተር ዋሽንግተን ይባላሉ።

ለምን ይህን ያህል ዘገየ? መልሱ ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ዲሲ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር የሆነባት የመጀመሪያዋ ትልቅ የአሜሪካ ከተማ ሆነች። በኮንግረስ የከተማዋን ጉዳይ የያዘውን ኮሚቴ ለረጅም ዓመታት የመሩት የሳውዝ ካሮላይናው ጆን ማክሚላን ናቸው፤ ዘር መለያየትን የሚደግፉ ሰው ነበሩ። የራስ አስተዳደር ረቂቆች እሳቸው ጠረጴዛ ላይ እየደረሱ ይሞቱ ነበር። በ1972 ማክሚላን በገዛ ክፍለ ግዛታቸው በፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ ተሸነፉ። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 1973፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን «ሆም ሩል» የሚባለውን የራስ አስተዳደር ሕግ ፈረሙ። በ1974 ነዋሪው ሕጉን በሕዝበ ውሳኔ ተቀበለው፣ በኅዳር መረጠ፤ የተመረጡት ከንቲባና 13ቱ አባላት ጥር 2 ቀን 1975 ሥራ ጀመሩ። በሌላ ክፍለ ግዛት የተሸነፈ አንድ ሰው የዚህችን ከተማ በር መክፈቱን ሳስብ አሁንም ይከብደኛል፤ የዲሲ ሰዎች እሳቸውን የሚያወርዱበት ድምፅ አልነበራቸውም።

ታዲያ ኮንግረስ አሁን ምን ሥልጣን አለው?

የዲሲ ምክር ቤት ቤቱን በደንብ የያዘ ተከራይ ነው ብለን እናስብ። ግድግዳውን ይቀባል፣ ዕቃውን ያዘዋውራል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ ወጪውንም ይከፍላል። የቤቱ ካርታ ግን በአከራዩ ስም ነው። አከራዩ ለዓመታት ብቅ ሳይል ሊቆይ ይችላል፤ ብቅ ያለ ቀን ግን ቁልፍ ይዞ ነው የሚመጣው።

ምክር ቤቱ ያጸደቀውና ከንቲባው የፈረሙት መደበኛ ሕግ ወደ ኮንግረስ ይላካል። ኮንግረስ ሥራ ላይ ባለባቸው ቀናት 30 ቀን፣ የወንጀል ሕግ ከሆነ ደግሞ 60 ቀን ይጠበቃል። በዚህ ጊዜ ሁለቱ የኮንግረስ ምክር ቤቶች ካልተቃወሙና ፕሬዚዳንቱ ተቃውሟቸውን ካልፈረሙበት ሕጉ ይጸናል። ለ90 ቀን የሚወጣው አስቸኳይ ሕግ በዚህ በር አያልፍም፤ ምክር ቤቱ ደጋግሞ የሚጠቀምበትም ለዚህ ነው።

ብዙ ሕጎች ሳይነኩ ያልፋሉ። በ2023 ግን ምክር ቤቱ ዓመታት የፈጀበትን አዲስ የወንጀል ሕግ ኮንግረስ ሻረው፤ ፕሬዚዳንት ባይደንም ፈረሙበት። ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም ነበር። ያስገረመው ደግሞ የፈረሙት ፕሬዚዳንት የከተማዋ ነዋሪ በብዛት የመረጠው ፓርቲ ሰው መሆናቸው ነው። በመጋቢት 2025 ኮንግረስ ባሳለፈው የፌዴራል በጀት ሕግ ውስጥ ለዲሲ የተለመደው አንቀጽ ባለመግባቱ ከተማዋ ከራሷ ነዋሪ ከሰበሰበችው ገንዘብ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ማውጣት የማትችልበት ቀዳዳ ተፈጠረ። በነሐሴ 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በዚያው በ1973ቱ ሕግ ያለ አንድ አንቀጽ ጠቅሰው የከተማዋን ፖሊስ ለ30 ቀን በፌዴራል ትእዛዝ ሥር አደረጉ።

ሕጉ ምክር ቤቱን በግልጽ የከለከለውም አለ። የዳኞቹን ሹመት አይነካም፤ የሚሾሟቸው ፕሬዚዳንቱ ናቸው። የሕንፃዎችን ከፍታ ገደብ አይለውጥም። ከከተማው ውጭ የሚኖር ሰው ዲሲ ሠርቶ የሚያገኘውን ገቢም ግብር ሊጥልበት አይችልም። ሲልቨር ስፕሪንግ አድሮ በየጠዋቱ ዲሲ የሚገባው ወገናችን የገቢ ግብሩ ለሜሪላንድ የሚሄደው በዚህ ክልከላ ምክንያት ነው።

ለእኛ ይህ ዓይነቱ ነገር እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 አዲስ አበባ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላት ይላል፤ ቀጥሎ ደግሞ የከተማው መስተዳድር ተጠሪነት ለፌዴራል መንግሥት ነው ይላል። በ2005 ምርጫ ቅንጅት ከ138ቱ መቀመጫ 137ቱን አሸንፎ ሳይረከብ ቀርቶ፣ በ2006 ከተማዋ በፌዴራል መንግሥቱ በተሰየመ ባለአደራ አስተዳደር ሥር መግባቷን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የሁለቱ ከተሞች ታሪክ በብዙ ይለያያል። ዋና ከተማ መሆን ግን ሁለቱንም በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት አዛዥ እንዲኖራቸው አድርጓል።

ሁሉም ዴሞክራት ናቸው የሚባለው እውነት ነው?

ከ2024ቱ ምርጫ በኋላ የነበረው አሰላለፍ 11 ዴሞክራትና 2 የግል ተመራጮች ነው። አንድም ሪፐብሊካን የለም። በከተማዋ ከተመዘገበው መራጭ ሦስት አራተኛ ያህሉ ዴሞክራት ስለሆነ ይህ አያስደንቅም። ሁለቱ «የግል» መቀመጫዎች ግን በአጋጣሚ የመጡ አይደሉም።

የ1973ቱ ሕግ ሲጻፍ ኮንግረስ አንድ ስጋት ነበረው፦ አንድ ፓርቲ 13ቱንም ቢጠቀልልስ? ስለዚህ ሰብሳቢውን ጨምሮ በመላው ከተማ ከሚመረጡት 5 ሰዎች የአንድ ፓርቲ አባል መሆን የሚችሉት ከ3 እንዳይበልጡ አደረገ። በተግባር ሁለት መቀመጫ ለዴሞክራት ዝግ ነው። በየሁለት ዓመቱ ሁለት የከተማ ተወካይ ሲመረጥ ዴሞክራቶች ማቅረብ የሚችሉት አንድ ሰው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሐሳቡ ሠርቶ ነበር። ዲሲ ክፍለ ግዛት ትሁን እያለ የሚታገለው የስቴትሁድ ፓርቲ ጁሊየስ ሆብሰንን፣ ቀጥሎም ሂልዳ ሜሰንን ወደ ምክር ቤቱ አስገባ። ከሪፐብሊካን ወገን ካሮል ሽዋርትዝና ዴቪድ ካታንያ ለዓመታት ተቀምጠዋል። ካታንያ በ2004 ከፓርቲያቸው ወጥተው የግል ሆኑ። ሽዋርትዝ በ2008 በፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ ተሸነፉ፤ ያንን መቀመጫ በኅዳር የወሰደው ሪፐብሊካን ሳይሆን የግል ተወዳዳሪ ሆኖ የተመዘገበው ማይክል ብራውን ነው። ከ2009 መጀመሪያ ወዲህ በምክር ቤቱ ሪፐብሊካን ገብቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ታወቀ። ዴሞክራት የነበረ ሰው ምዝገባውን ወደ «የግል» ይለውጥና ለዝጉ መቀመጫ ይወዳደራል። ኬንያን ማክዳፊ የዋርድ 5 ዴሞክራት ተወካይ ነበሩ፤ በ2022 ለከተማው ዐቃቤ ሕግ ለመወዳደር ያቀረቡት ጥያቄ መስፈርት አታሟላም ተብሎ ሲወድቅ የግል ሆነው ተመዝግበው የከተማ ተወካይነቱን አሸነፉ። ያሸነፏትም ኤሊሳ ሲልቨርማን በዚያው መንገድ የገቡ የግል ተመራጭ ነበሩ። ሕጉ የተለየ ሐሳብ እንዲገባ ብሎ የከፈተው በር፣ እኔ እንደማየው፣ በአብዛኛው ለዚያው ቤተሰብ ሌላ መግቢያ ሆኗል።

ታዲያ እውነተኛው ፉክክር የት ነው?

በኅዳር አይደለም፣ በሰኔ ነው። በሰኔ የሚደረገው «ፕራይመሪ» የሚባለው ምርጫ ፓርቲዎች ዕጩአቸውን የሚለዩበት ነው። ለዋርድ ተወካይነትና ለከንቲባነት በዴሞክራት ፕራይመሪ ያሸነፈ ሰው በኅዳር የሚሸነፍበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ «ኅዳር ሲደርስ እመርጣለሁ» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ድግሱ ካለቀ በኋላ እንደሚመጣ እንግዳ ነው። ሲደርስ ሰሐኑ እየተነሣ ነው።

ፕራይመሪው ለፓርቲው ተመዝጋቢ ብቻ ነው። «እኔ የማንም ፓርቲ አይደለሁም» ብሎ ያለ ፓርቲ የተመዘገበ ሰው በዚያ ወሳኝ ቀን ድምፅ የለውም። ብዙ ወገኖቻችን ከአገር ቤት ይዘነው በመጣነው ጥንቃቄ ፓርቲ የሚል ሣጥን ላይ ምልክት ማድረግ እንፈራለን። እዚህ ግን ያ ምልክት አባልነት፣ መዋጮና ስብሰባ አያስከትልም፤ በሰኔ የትኛው ወረቀት እንደሚሰጠን ብቻ ነው የሚወስነው።

በኅዳር 2024 ነዋሪው «ኢኒሺዬቲቭ 83» የሚባለውን የሕዝብ ሐሳብ በሰፊ ድምፅ አሳለፈ። ሁለት ነገር ይዟል፦ ፓርቲ ያልመረጡ ሰዎች በፕራይመሪ እንዲሳተፉ መፍቀድና በቅደም ተከተል መምረጥ። ምክር ቤቱ በ2025 በጀት የመደበው ለሁለተኛው ብቻ ነው።

በቅደም ተከተል መምረጥ ምግብ ቤት ገብቶ እንደማዘዝ ነው። «ክትፎ ካለ ክትፎ፤ ካለቀ ጥብስ፤ እሱም ከሌለ ሽሮ» እንላለን። መራጩም አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ስም ያስቀምጣል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ከሌለ የመጨረሻው ዕጩ ይወጣና የእሱ መራጮች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይዛወራል፤ አንዱ ከግማሽ እስኪያልፍ እንዲህ ይቀጥላል። ሰባትና ስምንት ዕጩ በሚቀርብበት የዲሲ ፕራይመሪ አንድ ሰው በሩብ ድምፅ ብቻ የሚገባበትን ዕድል ይቀንሳል ተብሎ ነው የመጣው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ወረቀቱ መራጩን፣ በተለይ እንግሊዝኛ የሚከብደውን፣ ያደናግራል ይላሉ።

አንድ ፓርቲ ከሆኑ በምን ይለያያሉ?

በብዙ ነገር። በሰኔ 2018 መራጩ «ኢኒሺዬቲቭ 77»ን አጸደቀ፤ ቲፕ የሚቀበል ሠራተኛ መነሻ ደሞዙ ቀስ በቀስ ከሌላው ሠራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ ጋር እንዲስተካከል የሚል ነው። ያኔ የአስተናጋጅ መነሻ በሰዓት ከ4 ዶላር በታች ነበር፤ የቀረውን ቲፑ ይሞላዋል ተብሎ። በጥቅምት ምክር ቤቱ የመራጩን ውሳኔ 8 ለ5 ሻረው። ሁለቱም ወገን ውስጥ ዴሞክራት ነበረ። በ2022 መራጩ ያንኑ ሐሳብ «ኢኒሺዬቲቭ 82» ብሎ መልሶ አሳለፈው፤ በ2025 ክረምት ምክር ቤቱ በጠባብ ድምፅ ጭማሪው እንዲዘገይና ከሙሉው ደሞዝ በታች እንዲቆም አደረገ። በማኅበረሰባችን ውስጥ የሬስቶራንቱ ባለቤትም አስተናጋጇም አሉ፤ አንዳንዴ በአንድ ቤት ውስጥ። የማን ወገን ትክክል እንደሆነ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ነገር ግን የሁለቱም ኑሮ በ13 ሰዎች መካከል በተቆጠረ ድምፅ መወሰኑን ማየት ይገባል። የፓርቲ ስም ብቻ ያየ ሰው ይህን ልዩነት አያየውም።

ታክሲውን ደግሞ እናንሣ። የዲሲ ታክሲ ለአሥርት ዓመታት በዞን ነበር የሚያስከፍለው፤ ስንት ዞን እንደተሻገርክ ተቆጥሮ። በኮንግረስ የሚቺጋኑ ሴናተር ካርል ሌቪን ባስገቡት አንቀጽ ምክንያት ጉዳዩ ተነሥቶ፣ ከንቲባ ኤድሪያን ፌንቲ በ2007 ሜትር እንዲሆን ወሰኑ፤ በ2008 ሜትር ገባ። በጥቅምት 2014 ደግሞ ምክር ቤቱ እንደ ኡበር ያሉ አገልግሎቶች በሕግ እንዲሠሩ የሚፈቅደውን ሕግ አሳለፈ። ባለታክሲዎች፣ ከእነሱም ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ በፔንሲልቬንያ አቬኑ መኪናቸውን አሰልፈው ጥሩምባ እየነፉ ተቃውመዋል። አንድ ሙያ በሰባት ዓመት ሁለት ጊዜ ሲገለበጥ አንዱ ውሳኔ ከኮንግረስና ከከንቲባው፣ ሌላው ከምክር ቤቱ መጣ። ለማን አቤት እንደሚባል ማወቅ ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ሰው መምረጥ ይችላል?

ምክር ቤቱ በ2022 ባጸደቀው ሕግ፣ ዕድሜው 18 የሞላና ከምርጫው በፊት ቢያንስ 30 ቀን ዲሲ የኖረ ሰው ዜጋ ባይሆንም ለከንቲባ፣ ለምክር ቤትና ለሌሎች የከተማው ቦታዎች መምረጥ ይችላል። ሕጉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው በ2024 ፕራይመሪ ነው። የኮንግረሱ የተወካዮች ምክር ቤት በ2024ም በ2025ም ይሻር ብሎ ድምፅ ሰጥቷል፤ በሁለቱም ዓመት ሴኔቱ አላጸደቀውም። አከራዩ ዓይኑን ስላላነሣበት ከመመዝገብ በፊት የወቅቱን ሁኔታ ከከተማው የምርጫ ቦርድ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር በጥብቅ ላስጠንቅቅ። ይህ መብት ለከተማ ምርጫ ብቻ ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው ለፕሬዚዳንት ወይም ለኮንግረስ ተወካይ ድምፅ ቢሰጥ ወንጀል ነው፣ ከአገር እስከመባረር ሊያደርስ ይችላል። የዜግነት ማመልከቻ ቅጹም ስለመመዝገብና ድምፅ ስለመስጠት ይጠይቃል። ግሪን ካርድ ያለው ወይም ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ከመመዝገቡ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

መቀመጫ ሲጎድል ምን ይሆናል?

የዋርድ ተወካይ ሲለቅ ወይም ሲሞት ማሟያ ምርጫ ይደረጋል። «አት ላርጅ» ተወካይ ሲሆን እስከ ማሟያው ምርጫ ድረስ ጊዜያዊ ሰው ይቀመጣል፤ የፓርቲ ሰው ከነበረ ፓርቲው፣ የግል ከነበረ ምክር ቤቱ ራሱ ይሰይማል።

ምክር ቤቱ አባሉን ማባረርም ይችላል። የዋርድ 8ቱ ትሬይን ዋይት በነሐሴ 2024 በጉቦ ተከሰው ተያዙ፤ ክሱን ክደዋል። በየካቲት 2025 ሌሎቹ 12 አባላት በሙሉ ድምፅ አባረሯቸው። በሐምሌ በተደረገው ማሟያ ምርጫ ዋይት ራሳቸው ተወዳደሩ፤ የዋርዱ መራጭ መልሶ መረጣቸውና ወደዚያው ወንበር ተመለሱ። ምክር ቤቱ ሰውየውን ማስወጣት ችሏል፤ ወንበሩን ለማን መስጠት ግን የመራጩ ነው።

ከምክር ቤቱ በታችስ ማን አለ?

«ኤኤንሲ» በሚል ምሕጻር የሚታወቁት የሰፈር አማካሪ ኮሚሽኖች አሉ። አንዱ ኮሚሽነር ወደ 2,000 ነዋሪ ብቻ ይወክላል፣ ለ2 ዓመት ይመረጣል፣ ደሞዝ የለውም። ከዕድር ኮሚቴ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው፤ ሥራው ብዙ ነው፣ ምስጋናው ትንሽ። ሕግ አያወጣም፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ግን አስተያየቱን «ትልቅ ክብደት» ሰጥተው የመመልከት ግዴታ አለባቸው።

ሬስቶራንት የከፈተ ወገናችን ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ብዙ ወራት ይድናል። የመጠጥ ፈቃድ ሲጠየቅ ኮሚሽኑ መቃወም ይችላል፤ ተቃወመ ማለት ሙዚቃው በስንት ሰዓት ይዘጋል፣ በረንዳው ላይ ስንት ሰው ይቀመጣል የሚለው በድርድር ይፈታል። ማስታወቂያው በር ላይ ከተለጠፈ በኋላ ከመሯሯጥ፣ አስቀድሞ የሰፈሩ ስብሰባ ላይ ቀርቦ ራስን ማስተዋወቅ ይሻላል። ስብሰባው ክፍት ነው፣ ማንም ይገባል። የከተማው መሥሪያ ቤቶችም ምክር ቤቱ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት በአማርኛ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ አስተርጓሚው ያለ ክፍያ ነው፣ መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ለዋርድ ተወካይነት በዴሞክራት ፕራይመሪ ለመቅረብ 250 ፊርማ ያስፈልጋል፤ በፕራይመሪ ለመላው ከተማ 2,000። ለኤኤንሲ ኮሚሽነርነት ግን የሚጠየቀው 25 ፊርማ ነው።